ሁለት መድኃኒት ለአንዲት በሽተኛ ስለ መከልከሉ የቀረበ ምስጋና

ደባርቅ፣ ታኅሣሥ ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ለክቡር የቆላና ደጋ መድኃኒት ማደያ ጽሕፈት ቤት ዋና ተቆጣጣሪ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ራስዎን ሳያምዎት፣ ሳልም ሳይነካዎት፣ በሙሉ ጤና ላይ ሆነው እንዲያነቡት ከልቤ እመኛለሁ። ምኞቴ ከአክብሮት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ሥጋትም አለበት። ክቡርነትዎ አንድ ቀን ቢታመሙ መድኃኒት የሚጠይቁት እርስዎ ራስዎ ከሚመሩት መሥሪያ ቤት ነውና፣ ይህን ዕጣ እንኳን ለማከብረው ሰው ለባላጋራዬም አልመኘውም።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እዚሁ ደባርቅ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላዬን ዘርግቼ ለባላገሩ ማመልከቻ የምጽፈው ሻረው አለኸኝ ነኝ። ስለዚሁ ጉዳይ ከዚህ በፊት ደጋግሜ በታሸገ ፖስታ ጽፌልዎ ነበር። ጸሐፊዎ እንደነገሩኝ ሁሉም ሳይከፈቱ ጠረጴዛዎ ላይ በክብር ተቀምጠዋል። ፖስታ መቅደድ ምን ያህል እንደሚያደክም ስለማውቅ፣ ድካምዎን ለመቀነስ ብዬ ይህኛውን ሳላሽግ ጽፌ አንዱን ቅጂ በመሥሪያ ቤትዎ በር ላይ፣ ሌላውን በእህል ገበያው መግቢያ እለጥፈዋለሁ። ማንበብ የሚችለው ገበያተኛ ለማይችለው እንደሚያነብለት አልጠራጠርም። ስለዚህ ክቡርነትዎ ለማንበብ ጊዜ ባያገኙ እንኳ፣ ምን እንደተጻፈልዎ በቅሎውን ለመሸጥ የመጣ ማንኛውም ሰው ሊነግርዎ ይችላል።

ለመክሰስ እንዳልጻፍኩ በቅድሚያ ይወቁልኝ። ክስ መጻፍ የዘወትር ሥራዬ ስለሆነ፣ የገዛ ጉዳዬ ሲሆን ከሥራ ማረፍ ያምረኛል። ዛሬ የመጣሁት ለማመስገን ነው። ነገርን በተራ ቁጥር መያዝ እንደሚወዱ ስለማውቅም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አድርጌዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ምስጋናው የተገኘው በማን ሥቃይ እንደሆነ ልንገርዎ፤ ክቡርነትዎ የሚያውቋት በካርድ ቁጥሯ ብቻ ነውና።

እህቴ አገርነሽ ዛሪማ ላይ ከመንገዱ ዳር ለሾፌሮች ምግብ የምትሸጥ ሴት ናት። ወደ ሽሬ የሚያልፍም ሆነ ሊማሊሞን የሚወጣ ሾፌር ሁሉ ያውቃታል፤ የሞተር ድምፅ ሰምታ የማን መኪና እንደመጣ ትናገራለች፤ ሰውየው ከመኪናው ሳይወርድ ወጡ ይሞቅለታል። ድምጿ ትልቅ ነው፤ ስትስቅ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ባለቤቷ ገሠሠ ደግሞ ሊማሊሞ ላይ የመንገድ ሠራተኛ ነው፤ ክረምት ያወረደውን ናዳ ይጠርጋል፣ ድንጋይ ይፈልጣል፤ በቀን የሚናገረው ነገር አንድ መዳፍ አይሞላም። እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይሰማል፤ እንዲህ አድርገው በሰላም ኖረዋል።

ባለፈው መስከረም ዝናቡ ሲያባራ ዛሪማ ወባ ገባ፤ አገርነሽም ተያዘች። እዚያው የሚታደለውን ክሎሮኪን የሚባል የወባ ክኒን ስትውጥ ትኩሳቱ ተወት አደረጋትና ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። ሰንበት ብሎ እንደገና ጣላት፤ እንደገና ዋጠች፤ እንደገና ተነሣች። ከዚያ ወዲያ ሲጥላት ግን መነሣት አቃታት። ገሠሠ አንድ ሰሊጥ የጫነ ፊያት ለምኖ፣ በጆንያው ላይ አስተኝቶ፣ በርኖሱን አልብሶ ሊማሊሞን አወጣትና ወደ እኔ ቤት አመጣት። ከመኪናው ሳወርዳት ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። «ወንድሜ፣ ምጣዱ ላይ የተውኩት ሥጋ አርሯል» አለችኝ። ሥጋም ምጣድም በአካባቢው አልነበረም።

ደግነቱ ዶክተር ሀብተ ሚካኤል ከጎንደር እየመጡ በሽተኛ የሚያዩበት ቀን ስለነበር ወሰድንላቸው። ደሟን አስመረመሩና እኔንና ገሠሠን ጠሩን።

«ይኸው ወባ ነው» አሉን። «ክሎሮኪኑን እያስታወከችው ይሁን ወይም ወባው እምቢ ብሎት ይሁን እርግጠኛ አይደለሁም። በዚያ መንገድ ግን አንቀጥልም። ኩዊኒን ትወስዳለች፤ ከሱ ጋር ደግሞ ቴትራሳይክሊን።»

«ሁለት ለምን?» አለ ገሠሠ።

«ኩዊኒኑ ፈጣን ነው፤ ትኩሳቱን ያወርድላታል፤ ግን ጥቂት ወባ ደሟ ውስጥ ሳይሞት ሊቀር ይችላል። ቴትራሳይክሊኑ ለቁስልና ለሳንባ የምንሰጠው አንቲባዮቲክ ነው፤ ወባንም ይገድላል፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ ነው። ብቻውን ብሰጣት እስኪደርስላት ትሞታለች። አንዱ ይጥለዋል፣ ሌላው ይጨርሰዋል። በሩቅ ምሥራቅ አገር እንዲህ እያደረጉ ብዙ ሰው አድነዋል።»

ገሠሠ «ገባኝ» አለ። «ናዳ ሲወርድ መጀመሪያ መንገዱን እንከፍታለን፤ ከዚያ ከላይ የላላውን ድንጋይ ካላወረድነው ተመልሶ ይዘጋዋል።»

«ልክ ነህ» አሉት ዶክተሩ እየሳቁ። ነፍሰ ጡር አለመሆኗን ጠየቁ፤ ብትሆን ኖሮ ቴትራሳይክሊኑን እንደማያዙላት ነገሩን። ከወተት ጋር እንዳትውጠው አስጠነቀቁን። ከዚያ ሁለቱንም መድኃኒት በአንድ ወረቀት ላይ አዘዙና ሌላ በሽተኛ ሊያዩ ሄዱ። እነሆ፣ ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፤ በአንድ ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለት ክፍሎች ሁለት ባዕድ አገሮች ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። በስተቀኝ ያለው የወባ ግምጃ ቤት ነው፤ ኩዊኒኑ እዚያ አለ። በስተግራ ያለው የጠቅላላ ሕክምና ግምጃ ቤት ነው፤ ቴትራሳይክሊኑ እዚያ አለ። የሁለቱም ጠባቂ አንድ ሰው፣ አቶ ዳምጤ ናቸው፤ ወንበራቸው በሁለቱ በሮች መካከል ነው፤ ከወንበራቸው ሳይነሡ እጃቸውን ግራና ቀኝ ቢዘረጉ ሁለቱንም በር ይነካሉ። ክቡርነትዎ ግን አንድ በሽተኛ ከአንድ ግምጃ ቤት ብቻ እንዲስተናገድ፣ ከሁለቱም የሚሰጥ ጠባቂ ቢገኝ በኃላፊነት እንዲጠየቅ መመሪያ አውጥተዋል። ይህም የመድኃኒት ብክነትን ለመከላከል ነው ተብሏል። በእውነቱ ተከላክሏል፤ ወደ በሽተኛ ሆድ ገብቶ የሚባክን መድኃኒት በጣም ቀንሷል።

አቶ ዳምጤ ወረቀቱን አንብበው አንገታቸውን ደፉ። «አቶ ሻረው፣ እኔስ ሁለቱንም ብሰጥዎ ደስ ባለኝ» አሉኝ። «መመሪያው ግን ይኸው ግድግዳው ላይ ነው። ወባ ከሆነ ከዚህ፣ ቁስል ከሆነ ከዚያ። እስቲ ጌታው ዘንድ ገብተው ይለምኗቸው።»

ገብቼ ለመንኩዎት። ያስታውሱታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኔ አልረሳሁትም።

«ወባ የራሱ መድኃኒት አለው» አሉኝ። «የቁስል መድኃኒት ለወባ የሚሰጥበት ምክንያት የለም።»

«ጌታዬ፣ ሐኪሙ አዘውታል እኮ» አልኩዎት።

«ሐኪሙ ሐኪም ናቸው፤ ግምጃ ቤቱ ግን የኔ ነው። ሴትዮዋ ወይ በወባ ትታመም፣ ወይ ትቁሰል። ትምረጥ።»

በሽተኛ የበሽታውን ዓይነት ራሱ እንዲመርጥ እንዲህ ያለ ነጻነት የተሰጠበት አገር ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም። እህቴ በዚያን ሰዓት በረንዳው ላይ ተጠቅልላ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ስለነበር ምርጫዋን ልጠይቃት አልቻልኩም። እኔው ወባውን መረጥኩላት፤ ኩዊኒኑንም ብቻውን ይዤ ወጣሁ።

ሁለተኛ፤ ለዓይን ቅባቱ አመሰግናለሁ። ይህኛው ምስጋና ማብራሪያ ይፈልጋል። ገሠሠ የሆነውን ሁሉ ስነግረው «ቁስል ከሆነ የሚፈልጉት እኔ አመጣለሁ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ሳይገባኝ ከአጥሩ ጀርባ ሄደ፤ ሲመለስ ከቅልጥሙ ደም ይወርዳል። ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ እጅ የራሱን እግር መምታት አላቃተውም። ጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ቁስል የሚያጥቡት ሰው «ምነው፣ ምን አገኘህ?» ቢሉት «ድንጋይ መታኝ» አለ፤ ውሸትም አልተናገረም። ከዚያ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠው ሰው፣ ከዶክተሩ አፍ የሰማውን ስም መንገዱን ሁሉ ሲደጋግመው ቆይቶ «ቴትራሳይክሊን ይስጡኝ» ብሎ ጠየቀ። ክቡርነትዎ በዚያው ሲያልፉ ሰምተው «ከቅባቱ ብዙ አለ፤ ስጡት» ብለው በራስዎ አንደበት አዘዙለት። እሱ የሰማው «ስጡት» የሚለውን ብቻ ነበር።

እያነከሰ ሮጦ መጣ። «አያ ሻረው፣ አገኘሁላት!» አለኝና መዳፉን ከፈተ። በመዳፉ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቱቦ ነበረች፤ በላይዋ ቴትራሳይክሊን የሚል አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ለዓይን ብቻ ይላል። የሚቀባ እንጂ የሚዋጥ እንዳልሆነ ስነግረው መጀመሪያ አላመነኝም። «ስሙ አንድ አይደለም ወይ?» አለኝ። አንድ ነው አልኩት። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ገሠሠን ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። እግሩ ለቆሰለ ሰው የዓይን ቅባት መሰጠቱ ያን ጊዜ ገርሞኝ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ግን ክቡርነትዎ ዓይኑን በዚያን ቀን ምን እንደሚያገኘው አስቀድመው ማወቅዎን አደነቅሁ።

ሦስተኛ፤ እህቴን ገና ሳትድን ስላዳኑልኝ አመሰግናለሁ። ዶክተሩ እንደተናገሩት ኩዊኒኑ ፈጣን ነው፤ ትኩሳቱን አወረደላት። ቁጭ ማለት ጀመረች፤ ሾርባ ቀመሰች። «ጆሮዬ ውስጥ ሊማሊሞን የሚወጣ መኪና አለ፣ ማርሽ አልገባ ብሎታል» እያለች ባለቤቴን ይታይሽን ታስቃት ነበር፤ ኩዊኒን ጆሮን እንደሚያስጮኽ ተነግሮን ስለነበር አልደነገጥንም። በዚህ መካከል እኔ ቴትራሳይክሊን የሚዋጠውን ዓይነት ፍለጋ ዳባት ወዳሉት መድኃኒት ሻጭ ሄጄ፣ ከጎንደር እስኪመጣላቸው ጠብቅ ተብዬ ተመለስኩ። ኩዊኒኑ ባለቀ ጊዜ አገርነሽ በእግሯ ቆማ ክቡርነትዎ ፊት ቀረበች፤ እርስዎም በቀይ እርሳስ ካርዷ ላይ «ድናለች» ብለው ጻፉ። ደም አልመረመሩም፤ በእርግጥም በእግሯ ቆማ የሚያዩዋትን ሴት ደም ለማየት መርፌ መውጋት ጭካኔ ነው።

የተረፈው ወባ ግን ካርዷን አላነበበም። ወደ ዛሪማ ልትወርድ ዕቃዋን እየሸከፈች ሳለ በጠራራ ፀሐይ ብርድ ብርድ አላት፤ ከዚያ ወደቀች። ያሁኑ ከፊተኛው ሁሉ የባሰ ነበር። ያለንን በርኖስና ጋቢ ሁሉ ደራረብንባት፤ ወዲያው ደግሞ እንደ እሳት ጋለችና ሁሉንም ወረወረችው። ዓይኗ እኛን እያየ አላወቀችንም። «ገሠሠ፣ ለዚያ ለአስመራው ሾፌር ወጥ ጨምርለት! ቶሎ በል፣ መኪናው ሊነሣ ነው!» እያለች ትጮኽ ነበር። ገሠሠ አጠገቧ ተንበርክኮ «እሺ፣ ጨምሬለታለሁ» ይላታል። «በርበሬውን አብዝተኸዋል» ትለዋለች። «እሺ፣ እቀንሰዋለሁ» ይላታል። ይህን እያየሁ መቆም አቅቶኝ ወደ ዳባት በሚሄደው መኪና ተሳፈርኩ።

ቴትራሳይክሊኑ መጥቶ ነበር። ይዤው ስመለስ መንገዱን ሁሉ ደረት ኪሴን እየዳሰስኩ ነው የመጣሁት። አሁን የጎደለው ኩዊኒኑ ሆነ። በፊት ኩዊኒን ይዘን ቴትራሳይክሊን ስንፈልግ ነበር፤ አሁን ቴትራሳይክሊን ይዘን ኩዊኒን ልንለምን መጣን። ቀኑ ገበያ ስለነበር ኮሪደርዎ በሰው ተሞልቷል። ክቡርነትዎ ካርዷን አገላብጠው አዩና አንድ ሊቅ ብቻ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ይህ ወባ የቀድሞው ነው ወይስ አዲስ?»

«እንዴት አውቃለሁ ጌታዬ?» አልኩዎት።

«የቀድሞው ከሆነ ድናለች፤ ተጽፏል። ለዳነ ሰው መድኃኒት አይሰጥም። አዲስ ከሆነ ደግሞ ደባርቅ ብርድ አገር ነው፣ ወባ የለበትም፤ የያዛት ቦታ ወርዳ ትመዝገብ።»

«ሊማሊሞን መልሰን ብናወርዳት መንገድ ላይ ትሞትብናለች።»

«እሱ እንግዲህ የመንገድ ሥራው ክፍል ጉዳይ ነው» አሉኝ።

ገሠሠ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። የመንገድ ሥራው ክፍል ሰው መሆኑን ግን አላወቁም፤ እሱም አልነገረዎትም። እጁን ብቻ አየሁት፤ ዶማ የያዘ ይመስል ተጨብጦ ነበር። «ና፣ እንሂድ» ብዬ በክንዱ ያዝኩት፤ አልተንቀሳቀሰም። በዚያች ቅጽበት ምን ሊያደርግ እንደነበር እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም፤ ክቡርነትዎም ባይጠይቁት ይሻላል።

አራተኛው ምስጋና የእርስዎ አይደለም፤ በቁጥሩ መካከል ስለገባ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አቶ ዳምጤ ከወንበራቸው ተነሡ። ሰው ሁሉ እያየ፣ እርስዎም በሩን ከፍተው ቆመው እያዩ፣ የወባውን ግምጃ ቤት ገብተው ኩዊኒኑን ሙሉውን ይዘው ወጡና በገሠሠ እጅ ላይ አኖሩለት። የተጨበጠው እጁ የተፈታው ያን ጊዜ ነው።

«አቶ ዳምጤ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አሉ ክቡርነትዎ።

«ሐኪሙ ያዘዘውን ነው የሰጠሁት» አሉ። ጀግና አይደሉም፣ ደመወዝ የሚጠብቁ ልጆች ያሏቸው ሰው ናቸው። «ሴትዮዋ እየሞተች ነው ጌታዬ። የምጠየቅ ከሆነ እጠየቃለሁ።» ከዚያ ወደ ገሠሠ ዞረው «ሂድ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አሉት።

ሁለቱን መድኃኒቶች አብረን ጀመርንላት። የመጀመሪያውን ኩዊኒን አስታወከችው፤ ጠብቀን ደገምንላት፤ ያዘላት። ይታይሽ አቅም እንዲሆናት ብላ የሞቀ ወተት ይዛ በመጣች ቁጥር እኔ በሩ ላይ ቆሜ እመልሳት ነበር፤ እስከ ዛሬም አላመነችኝም፣ ለታመመ ሰው ወተት የነፈገ ወንድም ትለኛለች። ትኩሳቱ እንደ ፊተኛው በአንድ ጊዜ አልለቀቃትም፤ እያንገራገረ ወረደ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ገሠሠ ራስጌዋ ቁጭ ብሎ ሳለ ዓይኗን ገለጠችና አየችው። «ምነው ከሳህ? የሚያበላህ ጠፋ እንዴ?» አለችው። እሱም ሾርባ ሊያመጣላት ብድግ አለ። መድኃኒቱን ግን እስኪያልቅ አላቋረጥንም። ዶክተር ሀብተ ሚካኤል በተመለሱ ጊዜ ደሟን አስመርምረው ንጹሕ ነው አሉ። የግራ ጆሮዋ ግን እንደ ድሮው አይሰማም። ኩዊኒኑን ደጋግማ ባትወስደው ኖሮ ይህ ላይደርስ ይችል እንደነበር ዶክተሩ ነገሩኝ፤ ለእሷ ግን እስካሁን አልነገርኳትም።

አቶ ዳምጤ በዚያው ሰሞን ከሥራ ተሰናበቱ። ጥፋታቸው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ወጥቷል፤ «የዳነች በሽተኛን በማከም» ይላል። አሁን አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ለእህል ነጋዴዎች ሚዛን ይይዛሉ። ባለፈው አግኝቻቸው ይቅርታ ብጠይቃቸው «ተወው አቶ ሻረው፣ እህል እንኳ ቢጎድል ሰው አይሞትም» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

አምስተኛ፤ እና ከሁሉ የሚበልጠው፣ እህቴን ለክብር ስላበቁልኝ አመሰግናለሁ። ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ እንግዳ ሥራዎን ሊጎበኙ በመጡ ዕለት ድንኳን ተተክሎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ክቡርነትዎ ረጅም ንግግር አደረጉ። እምቢ ያለ ወባ በሁለት መድኃኒት ቅንጅት በእርስዎ ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ድል እንደተመታ ተናገሩ። ከዚህ በፊት እንዳይገናኙ ሲጠብቋቸው የነበሩትን መድኃኒቶች ሲያጋቡ ማየት ደስ ይል ነበር። ከዚያም «የዳነችው ሴት ትቁም» አሉ። አገርነሽ ምን እየተባለ እንደሆነ አልሰማችም፤ ይታይሽ ገፋ ስታደርጋት ነው የተነሣችው።

እንግዳው ደግ ሰው ይመስሉኛል። ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ እሷ ቀረቡና «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ፣ እህቴ። ማን አዳነሽ?» አሏት።

ደህናውን ጆሮዋን ወደ እሳቸው አዞረች። «ምን አሉኝ?»

«ማን ነው ያዳነሽ?» አሉ ጮኽ ብለው።

«አቶ ዳምጤ ናቸዋ!»

ድምጿ ትልቅ እንደሆነ ነግሬዎታለሁ፤ ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ ደግሞ ጨምሯል። ከድንኳኑ ውጭ የነበረውም ሕዝብ ሰማ።

«ታዲያ እሳቸው የት አሉ? እስቲ ይነሡና እንያቸው» አሉ እንግዳው ዙሪያውን እየተመለከቱ።

«የት ይነሣሉ ጌታዬ፣ አባረዋቸዋል እኮ።»

«ለምን?»

«እኔን ስላዳኑ» አለች። በነገር ልትወጋ ብላ አይደለም፤ ተጠየቀች፣ መለሰች።

ገሠሠ ከኋላ ማጨብጨብ ጀመረ፤ እነዚያ ድንጋይ የሚፈልጡ መዳፎች ሲጋጩ እንዴት እንደሚጮኹ ሰምተዋል። ሕዝቡ ተከተለው። ክቡርነትዎም ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ጊዜ ለምን እንደሆነ ሳያጣሩ አጨበጨቡ። እኔ በሕይወቴ ብዙ የተከሳሽ የእምነት ቃል ጽፌአለሁ፤ እንዲህ በሁለት እጅ የተፈረመ ግን አላጋጠመኝም።

አገርነሽ ወደ ዛሪማ ተመልሳለች። አሁን የሞተር ድምፅ ሰምታ መኪናውን መለየት ስለቸገራት፣ ሾፌሮቹ ከሩቅ መብራት እያበሩ ያሳውቋታል አሉ። ይህን ያደረጉት ማንም ሳያዝዛቸው ነው፤ መመሪያ የሌለበት ሥራ መሆኑን ለክቡርነትዎ መጠቆም እወዳለሁ።

የማቀርበው ልመና አጭር ነው። አቶ ዳምጤ ወደ ወንበራቸው ይመለሱ፤ ሐኪም በአንድ ወረቀት ላይ ያዘዘውንም በአንድ ሰው እጅ እንዲሰጡ ይፈቀድላቸው። ይህ ክብርዎን የሚነካ ከመሰለዎት፣ ሐሳቡ የእርስዎ ነበር ብለን ሁላችንም ለመመስከር ዝግጁ ነን፤ ማጨብጨቡንም ለምደነዋል።

ክቡርነትዎ በሁለቱም እግርዎ ቆመው፣ በሁለቱም ጆሮዎ እየሰሙ፣ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ዘወትር እየለመንኩ፤ ከሁለት በር አንዱን ብቻ እንዲያንኳኳ ቢታዘዝም ሁለቱንም ከማንኳኳት የማይታክተው፣ በትሕትና ዝቅ ብሎ እጅ የሚነሣው

ሻረው አለኸኝ
ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ደባርቅ

ጨምሬ የምገልጸው፦ ይህን ልለጥፍ ስመጣ ከዛሪማ በጭነት መኪና የወጡ በሽተኞች በረንዳዎ ላይ ተኝተው አገኘሁ። ዶክተር ሀብተ ሚካኤል አይተዋቸዋል፤ ሁለቱንም መድኃኒት አዘውላቸዋል። መድኃኒቱም አለ፤ በመስኮት ይታያል። ሁለቱም ግምጃ ቤቶች ግን ተቆልፈዋል፤ ጸሐፊዎ እንደሚሉት ጠባቂ ስለሌለ ቁልፎቹን ክቡርነትዎ በኮትዎ ኪስ ይዘዋቸው ስለ ሥራ ቅልጥፍና ለመሰብሰብ ጎንደር ወርደዋል። ስለዚህ አንድ ቅጂ በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ ልኬልዎታለሁ፤ ሾፌሩም መልሱን ይዞ ሊመጣ ቃል ገብቶልኛል። ቁልፎቹን ብቻ ይስጡት፤ እርስዎ ራስዎ ለመምጣት ባይደክሙ እንመርጣለን።